ከፊልሙ የቀሩት ዐርባ ገጾች

የጡረታ ደብዳቤዬ የሥራ መደቤን «የድርሰት አርታኢ» ይለዋል። ውሸት አይደለም፤ ግን የዋልሁበትን አይናገርም። እኔ በሥራ ዘመኔ ሁሉ የሠራሁት መቁረጥ ነው። ወፍራም መጽሐፍ ይሰጡኛል፣ አቅጥኜ እመልሳለሁ። መጀመሪያ ለሬዲዮ፣ ኋላ ለፊልም። ደመወዙስ እንዴት ነበር ለሚለኝ፣ እሱንም ሲቆርጡት እንጂ ሲጨምሩት ብዙ አላየሁም ብዬ አልፈዋለሁ።

የቢቸና ልጅ ነኝ። እዚያው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምሬአለሁ፤ የአገሬ ሰው እስከ ዛሬ «መምህር» የሚለኝ ከዚያ የቀረ ነው። ለወላጆች በዓል ከተማሪዎቼ ጋር የሠራኋት አጭር ተውኔት የአንድ የሬዲዮ ሰው ጆሮ ገባችና አዲስ አበባ ተጠራሁ። ደጀንን አልፌ የዓባይን በረሃ ስሻገር ለስድስት ወር የምሄድ መስሎኝ ነበር። ፀጉሬ ሸብቶ ተመለስሁ።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ታፈሰ ናቸው። የሬዲዮ ድራማ ክፍሉ ኃላፊ ነበሩ፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ባርኔጣቸውን ቢሮ ውስጥ እንኳ የማያወልቁ ሰው። ጠረጴዛቸው ላይ ሁልጊዜ የተቆላ ሽምብራ በሳህን ይቀመጣል። ድርሰቴን እኔው ጮክ ብዬ እንዳነብ ያዝዙኝና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ምንም ነገር ያልታያቸው ዓረፍተ ነገር ባለፈ ቁጥር አንድ ሽምብራ አንሥተው ከፊቴ ያስቀምጣሉ። «ሰውየው በጣም አዘነ» ብዬ ካነበብሁ ሽምብራ። «ሰውየው የጎረሰውን ማላመጥ ተወ» ካልሁ እጃቸው አይንቀሳቀስም። ንባቡ ሲያልቅ ዓይናቸውን ይገልጡና የተቆለለውን እያዩ፣ «በል እንግዲህ ብላ» ይሉኛል። የመጀመሪያ ቀን መንጋጋዬ እስኪዝል በላሁ። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን አንድም ሳልበላ የምወጣበት ቀን መጣ፤ ያን ቀን ደስ ያለኝን ያህል በሠርጌ ቀን ደስ ማለቱን እጠራጠራለሁ።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ሲሰርዙ በእርሳስ እንጂ በስክሪብቶ አይሰርዙም፤ ያውም በቀጭኑ። ለምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«የቆረጥኸውን መልሰህ ማንበብ መቻል አለብህ» አሉኝ። «ያለዚያ ምን እንዳጠፋህ በምን ታውቃለህ?»

ወደ ፊልም የገባሁት እሳቸው ካረፉ በኋላ ነው። ሁለት አለቆች አገልግያለሁ። የመጀመሪያው መጽሐፍ የሚያነበው ከጀርባ ሽፋኑ ነበር። ሁለተኛው ጨርሶ አያነብም፤ «ስንት ሰው ይሞታል?» ብሎ ይጠይቅና እንደ መልሴ ወይ ያጸድቃል ወይ ይተወዋል። ሁለቱም ክፉዎች አልነበሩም። እኔም ከሁለቱም ጋር በሰላም ነው የተለያየሁት።

የመጨረሻው ሥራዬ ወደ አገሬ መለሰኝ። ደራሲው በሕይወት የሌሉ አንድ የታሪክ ልብ ወለድ ነበር፤ ጨለማ መጽሐፍ። ነገሩ የሆነው ከጣሊያን በፊት በሞጣ አካባቢ ባለ መንደር ነው። ጎሹ የሚባል ገበሬ በመሬት ወሰን የተነሣ ጎረቤቱን ይገድልና ነገሩን ይሸሽጋል። አገረ ገዥው አውጫጭኝ ያዝዛል። አውጫጭኝ ማለት፣ የመንደሩ ሰው ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ ወደ ቤቱ የማይመለስበት የድሮ ፍርድ ነው። ከብቱ ሳይታለብ፣ ልጁ ሳይበላ፣ ዝናብ ቢመጣም እዚያው ነው። በመጨረሻ ያየ ሰው በምስጢር ይናገራል። ያንን ሰው «ወፍ» ይሉታል። ወፏ ማን እንደነበረች ለዘለዓለም አይነገርም፤ ሁሉም የሚምልበት ነገር ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ወፏ ትናገራለች፣ ጎሹ ይያዛል፣ ይሰቀላል። ከመሰቀሉ በፊት ለሕዝቡ ረጅም ንግግር ያደርጋል፤ ዐርባ ገጽ ነው። ወፏን ግን መጽሐፉም አይነግረንም። ደራሲው ስሞቹን ቢለውጡም ታሪኩን ከሽማግሌዎች እንደሰሙት በመግቢያው ጽፈዋል፤ የተሰቀለው የማን አያት እንደሆነ ሞጣ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም።

ዳይሬክተሯ ሜሮን የምትባል ትጉ ልጅ ነበረች። መጽሐፉን ሦስት ጊዜ አንብባ ጠርዙን በማስታወሻ ሞልታዋለች። አንድ ቀን ፊት ለፊቴ ተቀመጠችና፣

«ጋሽ መልካሙ፣ ገዳዩን ተመልካቹ ገና ሲጀመር ያውቀዋል። ታዲያ እስከ መጨረሻው ምን ብሎ ይቀመጣል?» አለችኝ።

«ማን እንደገደለ ሳይሆን ማን እንደሚናገር ይጠብቅ» አልኋት።

«መጽሐፉ ግን አይነግረንም እኮ።»

«እኛ እንነግረዋለን።»

ሐሳቡ የእኔ ነበር። የእሷ አስመስዬ ለጓደኞቼ ያወራሁባቸው ቀናት ነበሩ፤ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁና እንደሆነው ልጻፈው። ሌላ አገር ያደገ ሰው ቢያደርገው አላወቀም ይባላል። እኔ የወፍ ስም እንደማይነገር እያወቅሁ ያደግሁ ሰው ነኝ። ግን ቆንጆ መጨረሻ ታየኝ፤ ቆንጆ መጨረሻ የታየው አርታኢ ደግሞ የሚሰማው ነገር የለም።

ለወፏ አካል ፈጠርሁላት። ባልቴት ናት፤ ፊልሙ ሲጀምር ጀምሮ ግራ እጇን ከኩታዋ ሥር ደብቃ ትቀመጣለች። ተመልካቹ እጇን አያይም፣ ለምን እንደምትደብቅም አያውቅም። መጨረሻ ላይ እጇ ይወጣል፤ ሁለት ጣት የለውም፤ በቀሩት ሦስት ጣቶች ጎሹ ወደተቀመጠበት ትጠቁማለች። አንድ ቃል አትናገርም። ጋሽ ታፈሰ በሕይወት ቢኖሩ ሽምብራ የማያስቀምጡበት ትዕይንት ነው ብዬ ኮራሁ።

የጎሹ ንግግር ግን ችግር ሆነ። ዐርባውን ገጽ እያነበብሁ በሐሳቤ ሽምብራ ቆጠርሁ። የሚታይ ነገር የለውም፤ አንድ ሰው ቆሞ ይናገራል፣ ሌላው ይሰማል። በዚያ ላይ ወፏ ከታወቀች በኋላ ማን ይሰማዋል? በአንድ ቁልፍ ጠፋ። ጋሽ ታፈሰ በእርሳስ ይሰርዙ ነበር ብዬአለሁ። ኮምፒዩተር ላይ የተሰረዘ ነገር ፋና አይተውም፤ እኔም ተመልሼ አላነበብሁትም።

ቀረጻው ቢቸና አጠገብ ባለ ሜዳ ላይ ሆነ፤ መንገዱ ክፍት በነበረበት ሰሞን። የድሮ ዘመን የሚያሳይ ፊልም ጠላቱ ትንሽ ነገር ነው። የመብራት ምሰሶ ከጀርባ እንዳይገባ ካሜራውን ዝቅ እናደርጋለን፤ የቆርቆሮ ጣራ በሣር እናለብሳለን። የአገሬው ሰው እግር ላይ የላስቲክ ጫማ ምልክት ስላለ ጠዋት ጠዋት እግሩን ጭቃ እናስቀባለን። እኔ የኩታዎቹን ሠንጠረዥ ያዝሁ፤ በአንደኛው ቀን ነጭ፣ በሁለተኛው ጠርዙ የቆሸሸ፣ በአራተኛው አፈር የመሰለ። በአፈር ውሃ ነክረን ነበር የምናስረጀው። ሰዎቹ ትወና አያስፈልጋቸውም፤ ቤታችሁ ሦስት ቀን ያልገባችሁ ሆናችሁ ተቀመጡ ስንላቸው እንደዚያው ሆኑ።

አንድ ሽማግሌ ብቻ አስቸገሩን። ሰው በተራ ወደ ዳኛው ጆሮ ጠጋ እያለ የሚያንሾካሹክበት ትዕይንት ነበር። ተራቸው ሲደርስ ቆሙ።

«አልናገርም» አሉ።

«አባቴ፣ ምንም አይበሉ፤ ከንፈርዎን ብቻ ያንቀሳቅሱ» አልኋቸው።

«በጨዋታም ቢሆን ወፍ አልሆንም፤ ልጆች አሉኝ።»

ሳቅሁና በሌላ ሰው ተካኋቸው። ያን ጊዜ ብሰማቸው ኖሮ ይህን የምጽፈው በሌላ መልክ ነበር።

ፊልሙ ሞጣ ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ሲታይ እኔም ነበርሁ። ባልቴቲቱ እጇን ከኩታዋ ስታወጣ አዳራሹ ጸጥ አለ። ዝምታው የሙያዬ ፍሬ መሰለኝ። ሰው ሳያጨበጭብ ወጣ፤ እሱንም በጣም ስለነካቸው ነው ብዬ ተረጎምሁት። በማግስቱ ደብረ ወርቅ ላይ ምሳዬን በልቼ በደስታ ቢቸና ገባሁ።

ከሁለት ወር በኋላ አንዲት ሴት ስልኬን ከዘመዶቼ አግኝታ ደወለችልኝ። ሲስተር ጥሩወርቅ ትባላለች፤ ሞጣ ውስጥ የኖረች፣ ከእኔ ጥቂት ቀደም ብላ ጡረታ የወጣች አዋላጅ ነርስ ናት። ከሰላምታ በኋላ፣

«መምህር፣ የአያቴን እጅ ከየት አገኙት?» አለችኝ።

አልገባኝም ልላት አፌን ከፈትሁ፤ ግን ገባኝ። ልጅ ሆኜ አባቴ ሞጣ ገበያ ይዞኝ ይሄድ ነበር። ጥቁር አዝሙድ የምትሸጥ አንዲት አሮጊት ነበረች። ግራ እጇን ከኩታዋ ሥር ትይዘዋለች፤ ስትሰፍር ብቻ ታወጣዋለች፤ ሁለት ጣት የለውም። ፈርቼ ከአባቴ ጀርባ ገብቼአለሁ። ያንን እጅ ሃምሳ ዓመት ተሸክሜው ኖሬ፣ በአንድ ጠዋት ፈጠርሁት ብዬ ጻፍሁት። በሥራዬ ብዙ ተሳስቻለሁ፤ እንደዚህ ያፈርሁበት ግን የለም።

«አያቴን ሰው ሁሉ ያውቃታል» አለች ሲስተር። «ጣቷ ማጭድ የቆረጠው ነው። አሁን ግን ወፏ እሷ ነበረች ተብሏል።»

«እኔ ስለ አያትሽ ምንም የማውቀው የለኝም። ፈጠራ ነው።»

«እሱን ለእኔ አይንገሩኝ።»

ከዚያ የሆነውን ነገረችኝ። የጊዮርጊስ ጽዋ ማኅበርተኛ ናት። ወር በገባ በሃያ ሦስት ማኅበርተኞቹ በተራ ከአንዱ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ድግሱ ሲያበቃ ሙሴው፣ ማለትም የማኅበሩ አለቃ፣ ጽዋውን አንሥቶ ለሚቀጥለው ባለተራ ያስረክባል። ባለፈው ወር የምትቀበለው እሷ ነበረች።

«ነጠላዬን አስተካክዬ ተነሣሁ። እጄን ዘረጋሁ። ሙሴው በአጠገቤ አልፈው ለጎረቤቴ ሰጧት። እጄን እንደዘረጋሁ ቀረሁ፤ መምህር። እዚያ ቤት ከተቀመጠው ሰው ልጆቹን ያላዋለድሁለት የለም እኮ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ እንጂ ቤቴ የሚረግጥ የለም። ብሞት ማን ይቀብረኛል?»

ሙሴው አያ ይግዛው ይባላሉ። የተሰቀለው ሰው የልጅ ልጅ ናቸው።

ሞጣ ሄድሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹን አስፈቅጄ ከቅጥሩ ውጭ ለተሰበሰበው ሰው ተናገርሁ። ሴትዮዋ የእኔ ፈጠራ ናት፤ እጇን በልጅነቴ ካየሁት ሰው ወስጃለሁ፤ ያ ስሕተቴ ነው፤ ወፏ ማን እንደነበረች እኔ አላውቅም አልሁ። በጨዋነት ሰሙኝ። ስጨርስ አንዲት አሮጊት ቀርበው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«ደግ አደረግህ ልጄ» አሉኝ። «ወፍን የሚያውቅ ሰው ‹አላውቅም› ነው የሚል። እንኳን አሁን ማልህ።»

ዙሪያውን አየሁ፤ ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። በመካዴ አረጋገጥሁት። ዝም ብል ኖሮ ጥቂት የሚጠራጠር ሰው ይተርፍ ነበር። ሲስተር ጥሩወርቅ ከሩቅ ቆማ ነበር፤ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስባ ሄደች።

የቀረኝ አያ ይግዛው ዘንድ መሄድ ነበር። ከሰዓት በኋላ ከግቢያቸው ዋርካ ሥር ተቀምጠው ገመድ ሲገምዱ አገኘኋቸው። ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል፤ እጃቸው ግን አይሳሳትም።

«ማነህ?» አሉኝ።

«መልካሙ ነኝ። የፊልሙ።»

«ሀ! ተቀመጥ።»

ተቀመጥሁ። ስለ ሲስተር ልለምን ስጀምር አቋረጡኝ።

«ዓይኔ አያይም፤ ፊልምህን የሰማሁት በጆሮዬ ነው። ልጆቼ ከፊት ወንበር አስቀመጡኝ። የአያቴ ታሪክ ነው አሉኝ። አሁን ይናገራል፣ አሁን ይናገራል ብዬ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠበቅሁት። ‹አቤት› እና ‹ውሸት ነው› ከማለት በቀር አልተነፈሰም። ሰቀልኸው። ቀጥሎ ዋሽንት ነፋህ፣ አለቀ።»

ሃያ ዓመት ለጆሮ የሠራሁ ሰው ነኝ፤ አንድ የማያይ ሰው ፊልሜን ሲሰማ ምን እንደሚቀርለት አንድ ቀን አላሰብሁም።

«ሲስተር ምን አደረገችዎት?» አልኋቸው።

«ምንም። ልጆቼ ስለ ሴትዮዋ እጅ ነገሩኝ። ተናደድሁ። አያቴ አፍ ስለሌለው እኔ ተናደድሁለት።»

«በመጽሐፉ ውስጥ እኮ ይናገራል አያ።»

እጃቸው ገመዱ ላይ ቆመ።

«ምን ይላል?»

«ብዙ ነው። ዐርባ ገጽ።»

«ታዲያ ለምን አስቀረኸው?»

«የሚታይ ነገር ስለሌለው።»

ሳቁ፤ በእውነት ሳቁ። «ለእኔ የትኛው የሚታይ አለው?» አሉ። ከዚያ ሳቃቸውን ተዉና፣ «መጽሐፉን ይዘኸዋል?» አሉኝ።

«ቦርሳዬ ውስጥ ነው። አሁን ላንብብልዎት?»

«ለእኔ ብቻ ምን ያደርግልኛል። በሃያ ሦስት ና። ማኅበርተኛው ባለበት ታነበዋለህ። እሷም ትምጣ።»

እሷን ማምጣቱ ከባድ ነበር። «እንደገና እጄን ዘርግቼ ልቅር?» አለችኝ። እጅሽን አትዘርጊ፣ ተቀምጠሽ ስሚ ብቻ አልኋት። በመጨረሻ መጣች፤ ከበሩ አጠገብ፣ የመጨረሻው መደብ ላይ ተቀመጠች። ጸሎቱ ደረሰ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ዞረ። አያ ይግዛው «በል መምህር» አሉኝ።

መጽሐፉን ከፈትሁ። ጎሹ በዚያ ንግግሩ ገድያለሁ ብሎ ይጀምራል። የሟቹን ልጆች በስማቸው እየጠራ ይቅርታ ይለምናል። አንደኛው በሬው ቀኝ እንጂ ግራ እንደማይጠመድ ለሚስቱ ይነግራል። የእናቱን ምጣድ ሰብሮ በልጅነቱ የዋሸውን እንኳ አይተውም። ያየውን የተናገረ ሰው አልበደለኝም፣ እኔን ወዳጅ ያለ ሁሉ ያንን ሰው እንዳይፈልግ፣ ቢያውቀውም ማዕዱን እንዳይከለክለው የሚለው ላይ ስደርስ ውሃ ለመንሁ። ውሃ ሰጡኝ። ቀና ስል አያ ይግዛው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ሌሎቹም እንደዚያው። ከፊቴ የሽምብራ ቆሎ በሳህን ነበር፤ አንድም አላነሣሁም።

ሲያልቅ መጽሐፉን ዘጋሁ።

«እውነት እንዲህ ብሎ ነበር?» አሉኝ አያ ይግዛው።

«መጽሐፉ ይላል። እውነት ይሁን አይሁን እኔ አላውቅም።»

«የወፏንም አታውቅም ነበር» አሉ።

ተነሡ። ጽዋውን ሰጧቸው። የወሩ ባለተራ ከቀኛቸው ተቀምጦ ነጠላውን ማስተካከል ጀምሮ ነበር። እሳቸው ግን ግድግዳውን በአንድ እጅ እየዳበሱ ወደ በሩ ሄዱ። ሰው እግሩን እየሰበሰበ አሳለፋቸው።

«ጥሩወርቅ የት ናት?» አሉ።

«አለሁ» አለች፤ አልተነሣችም።

«እጅሽን አምጪ፤ አላይም።»

ሁለት እጇን ዘረጋች። በመዳፋቸው ፈልገው አገኟትና ጽዋውን አስጨበጧት።

«የሚመጣው ወር ካንቺ ዘንድ ነን።»

እልልታው ከሴቶቹ በኩል ተነሣ። እሷ ጽዋውን ደረቷ ላይ ይዛ ታለቅስ ነበር፤ እኔም አለቀስሁ። ስወጣ በሩ ላይ አገኘችኝ።

«እርስዎም ይምጡ መምህር» አለችኝ። «መጽሐፉንም ይዘው። ከመጀመሪያው ጀምረው ያነቡልናል፤ ሳይቆርጡ።»